ሐርላ፦ በገበሬ ማሳ ሥር ያለው የነጋዴ ከተማ

ከሐርጌሳ ዕቃ ጭኖ በቶጎ ውጫሌ፣ በጅግጅጋና በሐረር አልፎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲይዝ ሐሳቡ ሁሉ ስለ ኬላ፣ ስለ ነዳጅና ስለ ዶላር ምንዛሪ ነው። በግራና በቀኝ ስላለው የማሽላና የጫት ማሳ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ይሁን እንጂ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ አንዲት የገበሬዎች መንደር፣ ከማሳው ሥር፣ የእኛው ሥራ ባልደረቦች ከተማ ተቀብሮ ይገኛል። መንደሯ ሐርላ ትባላለች። ከተማው ደግሞ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ከቀይ ባሕር ወደ መሐል አገር፣ ከመሐል አገርም ወደ ባሕር ዕቃ ሲያመላልሱ የነበሩ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች የኖሩበት ነው።

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ቀረጥ፣ ስለ መኪና ኪራይና ስለ ገበያ ዋጋ ነው። ዛሬ ግን ስለዚህች መንደር እንነጋገር። ምክንያቱም የሐርላ ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ብቻ አይደለም። የዕቃ፣ የዋጋ፣ የመተማመንና የመንገድ ታሪክ ነው። በዚያ ላይ መጨረሻው ገና አልተወሰነም። ከምድሩ የሚወጣውን ነገር ማን ይጠብቀው የሚለው ጥያቄ እኛንም ነጋዴዎቹን ይመለከታል።

ገበሬው የሚያውቀው

ዛሬ ሐርላ የሚኖሩት ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ናቸው። ማሽላ፣ በቆሎና ጫት ያመርታሉ። ምሁራን መሣሪያቸውን ይዘው ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት፣ መሬታቸው ተራ መሬት እንዳልሆነ እነዚህ ገበሬዎች ያውቁ ነበር። ሲያርሱ የሸክላ ስባሪ ይወጣል፤ ዝናብ ሲጥል ዶቃ ይታጠብና ይታያል፤ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የተጠረበ ድንጋይ ይገኛል፤ አልፎ አልፎም ጽሑፉ የማይነበብ ሳንቲም ይወጣል። የድንጋዮቹን ትልቅነት ያዩ አባቶች ይህን ከተማ የሠሩት ግዙፋን ሰዎች ናቸው አሉ። እንዲህ ያለውን ድንጋይ ተራ ሰው ሊያነሳው አይችልምና ነገሩ ለዓይን ምክንያታዊ ነበር። ሐርላዎች የሚባሉት እነዚያ ግዙፋን በሀብታቸው ታብየው ፈጣሪ እንዳጠፋቸውም በአካባቢው ይነገራል።

ይህ ታሪክ በአንድ መንደር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከጨርጨር ተራራ ጀምሮ እስከ ሶማሌ ቆላ ድረስ ባለቤቱ የማይታወቅ ፍርስራሽ፣ አሮጌ ጉድጓድ ወይም የድንጋይ መቃብር በታየ ቁጥር ሰዉ «የሐርላ ነው» ይላል። የሐርላ ስም በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ዜና መዋዕልም ሆነ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድን ዘመቻ በሚተርከው በፉቱሕ አል ሐበሻ ውስጥ ይገኛል። ሐረሪዎች የዘር ግንዳቸውን ከሐርላ ጋር ያያይዛሉ። በሶማሌም በአፋርም ዘንድ ይህን ስም የያዙ ጎሣዎች አሉ። ስለዚህ ሐርላ የማን ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢኖር መልሱ አንድ አይሆንም። የንግድ ከተማ ድሮም የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ከመሬት የወጣው

በ1920ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አባ አዛይስ የተባሉ ፈረንሳዊ የካፑቺን ቄስ በምሥራቅ ኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ የድሮ ፍርስራሾችን ሲመዘግቡ ሐርላን አይተዋል። በዐረብኛ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮች መኖራቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ ድንጋዮቹ ወደ አሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን የሚያመለክቱ ናቸው። ሰፊው ቁፋሮ የተካሄደው ግን በቅርቡ ነው። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመሆን ለሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ፣ በሰኔ 2017 ውጤቱን ለዓለም ይፋ አደረገ።

የተገኘውን ዝርዝር እንደ ነጋዴ እናንብበው። ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች አሉ። የብርጭቆ ስባሪዎች፣ የብርጭቆ ዶቃዎች፣ እንደ ካርኔሊያን ያሉ ቀይ የከበሩ ድንጋዮችና ነጭ ብርሌ መሳይ ድንጋዮች አሉ። ከባሕር የመጣ ዛጎል አለ። በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የተመቱ የነሐስና የብር ሳንቲሞች አሉ። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ተገኝቷል፤ የአሠራሩ ዓይነትም በደቡብ ታንዛንያና በሶማሌላንድ ከተገኙ የዚያ ዘመን መስጊዶች ጋር ይመሳሰላል። 300 ያህል ሰዎች የተቀበሩበት የመቃብር ስፍራም አለ። የሰዎቹ አጥንት ቁመት እንደማንኛውም ሰው ነው። ግዙፋን አልነበሩም። ኢንሶል ያን ጊዜ ለጋዜጠኞች እንደገለጹት ግን የመንደሩ ሰዎች ይህን ገና ሙሉ በሙሉ የተቀበሉ አይመስሉም።

ለእኛ ከሁሉ በላይ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። ሐርላ ዕቃ የሚያልፍባት ኬላ ብቻ አልነበረችም። ዕቃ የሚሠራባትም ነበረች። ከብር፣ ከነሐስ፣ ከከበሩ ድንጋዮችና ከብርጭቆ ዶቃ ጥራት ያለው ጌጣጌጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች እዚያ ነበሩ። አንዳንዱ የአሠራር ዘዴ በዚያ ዘመን በሕንድ ከሚታወቀው ጋር የተያያዘ ነው። ከቀይ ባሕር የመጣ ዛጎልም እዚያው ተሞርዶና ተበስቶ ወደ ጌጥ ይለወጥ ነበር። ጥሬ ዕቃ ከወደብ ይመጣል፤ ሐርላ ላይ ይሠራል፤ ዋጋው ከፍ ብሎ ወደ ደጋው ይሄዳል። ትርፉ በመጫን ብቻ ሳይሆን በመሥራት ላይ እንደሆነ ያወቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች መጥተው ከአገሬው ጋር ተቀላቅለው የሚኖሩበት ከተማ ይፈልጋል። ዛሬ ሐርጌሳ ውስጥ የሐበሻ ልብስ ሰፊ፣ የየመን ምግብ ቤትና የሕንድ ዕቃ ሱቅ በአንድ መንገድ ላይ ብናይ አይገርመንም። ሐርላም በዘመኗ እንዲሁ ነበረች።

ከዘይላ የሚወጣው መንገድ

ሐርላን ያበለጸጋት ወደብ ዘይላ ነው። ዛሬ ዘይላ በሶማሌላንድ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ የምትገኝ ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ያን ጊዜ ግን የአፍሪካ ቀንድ በር ነበረች። ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባጡታ በ1330 አካባቢ ሲያርፍባት ትልቅ ገበያ ያላት ትልቅ ከተማ ብሎ ጽፏል። ከዓሣውና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ደም የተነሣ ሽታው ስለከበደው፣ ባሕሩ ቢናወጥም መርከቡ ላይ ማደርን መርጧል። በርበራ በበጋ ወራት ያደረ ሰው ኢብን ባጡታ ምን እንደተሰማው ይገባዋል!

ከዘይላ ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ ዛሬ የሶማሌላንድ አውዳል ክልል በሚባለው አገር አልፎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በዚህ መንገድና በአካባቢው የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ በብዛት አለ። ለሐርጌሳ ነዋሪ በጣም የሚቀርበው አሙድ ነው። ከቦረማ በስተምሥራቅ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ ከሁለት መቶ በላይ የድንጋይ ቤቶች ፍርስራሽም አለበት። ልጆቻችን የሚማሩበትን የአሙድ ዩኒቨርሲቲ የምታውቁ ብዙ ናችሁ። በ1998 ትምህርት የጀመረው ይህ ዩኒቨርሲቲ ስሙን የያዘው ከዚሁ ስፍራ ነው።

እነዚህን ከተሞች መጀመሪያ በሰፊው የመዘገበው ኤ. ቲ. ከርል የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝና የኢትዮጵያን ድንበር ሲያካልል ከነበረው ኮሚሽን ጋር ይሠራ ነበር። ነገሩን ልብ በሉት። ሰውዬው የመጣው መሬቱን ለሁለት ለሚከፍለው መስመር ነው፤ ያገኘው ግን መስመሩ ከመኖሩ በፊት በአንድ መንገድ የተሳሰሩ ከተሞችን ነው። አሙድን፣ አባሳን፣ ጎጌሳንና ሌሎችንም በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ ዘረዘረ። ከቻይና የመጣ አረንጓዴ ሸክላ፣ የብርጭቆ ዶቃና በግብፅ ሱልጣን ቃይትባይ ዘመን (1468–1496) የተመታ ሳንቲም ካገኛቸው ውስጥ ናቸው። ካሰባሰባቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገብተዋል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የስፔን ተመራማሪዎች ቡድን በሶማሌላንድ ያሉትን እነዚህን ስፍራዎች እንደገና እያጠና ይገኛል።

ሰንሰለቱ ወደ አማራ አገርም ይዘልቃል። በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማይርቅ አካባቢ፣ እንደ ኖራና አስበሪ ያሉ የድንጋይ መስጊድና ቤት ያላቸው የፈረሱ ከተሞች አሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና ባልደረቦቹ አጥንተዋቸዋል። ዘይላ፣ አሙድ፣ ሐርላ፣ ይፋት ብላችሁ ስትቆጥሩ ግመል ነጂው የሚያድርባቸውን ጣቢያዎች የምትቆጥሩ ያህል ነው።

ገንዘብ፣ ጫትና ዋስ

ያኔ ነጋዴው በምን ይገበያይ ነበር? በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ተቀምጦ ስለ እኛ አገር የጻፈው አል ዑመሪ፣ ይፋት ውስጥ የግብፅ ዲናርና ዲርሃም ይሠራ እንደነበር፣ ደዋሮ ውስጥ ደግሞ ሐኩና የሚባል በመርፌ ርዝመት ያለ ብረት እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ይነግረናል። ወደ ደጋው ሲወጣ አሞሌ ጨው ነበር። ስለዚህ ሐርላ ላይ የግብፅ ሳንቲም መገኘቱ ድንገተኛ ነገር አይደለም። ያ ነጋዴ ዛሬ እኛ ብርን፣ ሽልንግንና ዶላርን እያወዳደርን እንደምንውል ሁሉ፣ በአንድ ጉዞ ሦስት ዓይነት ገንዘብ ማስላት ነበረበት።

ጫትም አዲስ ነገር አይደለም። ይኸው አል ዑመሪ እንቅልፍ የሚያርቅና አእምሮ የሚያነቃ ቅጠል ይፋት ውስጥ እንደሚበላ ጽፏል። በ1332 ዐፄ ዓምደ ጽዮንን የገጠመው የይፋቱ ሰብረዲንም ሲፎክር፣ የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ማለቱ በዜና መዋዕሉ ተመዝግቧል። ማለዳ ከአወዳይ ተነሥቶ ሐርጌሳ እስኪገባ በየኬላው የሚጣደፈው የጫት መኪና ረጅም የዘር ሐረግ አለው ማለት ነው።

በዚያ መንገድ ከተጫነው ውስጥ ግን የምንኮራበት ብቻ አልነበረም። የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ቆዳ ወደ ዘይላ ሲወርድ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችም አብረው ይነዱ ነበር። የመንገዱን ታሪክ ስንናገር ይህንንም መናገር ይገባል። ከሐርላ የወጡት ዶቃዎች ሁሉ በንጹሕ እጅ የተገዙ አልነበሩም።

ፖሊስና ባንክ በሌለበት አገር ንብረትን ይዞ መጓዝ የሚቻለው በሰው ነው። ሪቻርድ በርተን በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ ጥር 3 ቀን 1855 ሐረር ሲገባ፣ በሶማሌ አገር ያለ አባን መንቀሳቀስ እንደማይቻል በዝርዝር ጽፏል። አባን ማለት አስተናጋጅም፣ ዋስም፣ ደላላም፣ ጠባቂም የሆነ የአገሬው ሰው ነው። እንግዳው ነጋዴ ቢዘረፍ ጥቃቱ በአባኑና በጎሣው ላይ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። ለዚህም አባኑ ከንግዱ ድርሻውን ያገኛል። ሐርጌሳ ሱቅ ለመክፈት የአገሬውን ሰው ዋስትና የጠየቀ፣ ዱቤ የወሰደና የሰጠ ሁሉ ይህን ሥርዓት በሌላ ስሙ ያውቀዋል። በርተን በዚያው ጉዞው ከፍርስራሾቹ መካከል አልፏል፤ ሁለት ጎረቤት ከተሞች እርስ በርስ ተዋግተው እንደተጠፋፉ የአገሩ ሰዎች ነግረውታል። እዚያም እንደ ሐርላ ሁሉ፣ ፍርስራሹ አጠገብ የሚኖረው ሰው ለሚያየው ነገር ምክንያት ፈልጎ ነበር።

ከተማ እንዴት ይሞታል

ሐርላ በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ተዳክማ ባዶ ቀረች። በዚያው ዘመን ሐረር ትነሣ ጀመር። በሐረር የተደረገው ቁፋሮ የከተማዋን ዕድገት ከአሥራ አምስተኛው መጨረሻና ከአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያሳያል፤ ይህም ንግዱና ባለሙያው ከቆላው ጠርዝ ወደ ደጋው እንደተሻገረ ያመለክታል። በ1520 ሱልጣን አቡበክር የአዳልን መንግሥት መቀመጫ ወደ ሐረር አዛወረ። ከዚያ በፊት፣ በ1517፣ ፖርቱጋሎች ዘይላን አቃጥለው ነበር። ቀጥሎ የመጣው የኢማም አሕመድና የዐፄ ልብነ ድንግል ጦርነት፣ ከዚያም የሕዝብ ፍልሰቱ መንገዱን ሁሉ አናጋው። ሐረር በጀጎል ግንብ ተከልላ ተረፈች፤ በሜዳ የነበሩት ግን አልተረፉም።

ዘይላም ቢሆን ሁለተኛ ሞቷን ሞታለች። በ1902 ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ከሐርላ ሥር ሜዳው ላይ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች፤ የዘይላ ግመሎችም ሥራ ፈቱ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የበርበራ ወደብ ሰፍቷል፣ ከበርበራ በሐርጌሳ በኩል እስከ ውጫሌ ያለው መንገድም ተሻሽሏል። መንገድ ሲዞር አንዱ ከተማ ይነሣል፣ ሌላው ይወድቃል። ሐርላ ይህን ከማንም መጽሐፍ በተሻለ ታስተምራለች።

ዶቃውን የሚገዛው ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሐርላ ሙዚየም ውስጥ የተዘጋች ከተማ አይደለችም። ሰው የሚኖርባት፣ የሚታረስባት፣ ቤት የሚሠራባት መንደር ናት። ገበሬው የድሮውን ጥርብ ድንጋይ ለአጥሩና ለቤቱ ቢጠቀምበት የሚወቀስ አይደለም፤ ድንጋዩ በማሳው ላይ የወደቀ ነው፣ ልጆችም መጠለያ ይፈልጋሉ። ድሬዳዋም በየዓመቱ እየሰፋች ነው። ሆኖም በመንደሯ ነዋሪዎች የሚተዳደር የቅርስ ማዕከል ተከፍቶ ከቁፋሮው የተገኙ ዕቃዎች እንዲታዩበት መደረጉ መልካም ጅምር ነው። የተወሰኑት ዕቃዎችም አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም እንዲታዩ በ2017 ታስቦ ነበር። እንግዳ መጥቶ የሚከፍለው ገንዘብ ለመንደሩ ሲደርስ፣ ገበሬው ፍርስራሹን የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከገበሬው ሳይሆን ከገዢው ነው። አሮጌ ሳንቲም፣ ዶቃ ወይም የሸክላ ዕቃ «የጥንት ነው» ተብሎ በየገበያው ሲዞር የምናውቀው ነገር ነው። ድንበር የሚሻገርና ብዙ ሰው የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ እንዲህ ላለው ዕቃ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰው ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። አንድ ዶቃ ምን ያደርጋል? ግን አስቡት፤ አንድ ዶቃ ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ጥልቀት፣ ከየትኛው ሳንቲም አጠገብ እንደወጣ ከታወቀ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዘመኑና ስለ ሰዎቹ ይናገራል። ኪስ ውስጥ ገብቶ ገበያ ከወጣ በኋላ ግን ዶቃ ብቻ ነው። ሐርላን የነጋዴዎች ከተማ ብለን ለመጥራት የቻልነው ዕቃዎቹ ባሉበት ቦታ ስለተገኙ ነው። የሒሳብ መዝገብ ገጹ ተቀድዶ ከተሸጠ ወረቀቱ ለገዢው ጌጥ ይሆናል፤ ሒሳቡ ግን ጠፍቷል።

ሕጉም ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር አይቻልም፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት። ቅርስ ለንግድ ብሎ ከአገር ማውጣትም የተከለከለ ነው። ኬላ ላይ በእንዲህ ያለ ዕቃ የተያዘ ሰው የሚያጣው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት የገነባውን ስምና ዋስ የሆኑትን ሰዎች ጭምር ነው።

ከከርል ዕቃዎች የምንማረው አንድ ነገር አለ። የቦረማ ልጅ ከአሙድና ከአካባቢው ከተሞች የወጣውን ለማየት ለንደን መሄድ አለበት፤ ለዚያውም ቪዛ ካገኘ። የሐርላ ልጅ ግን በመንደሩ ቅርስ ማዕከል ሊያየው ይችላል። በዚህ ልዩነት ላይ የእኛም ድርሻ አለበት። ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትግዙ፤ አሻሻጭም አትሁኑ። በኢትዮጵያ በኩል ከሆነ በአቅራቢያው ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቅ ንገሩት። በድሬዳዋ በኩል የምታልፉ ደግሞ፣ በተለይ ልጆች ይዛችሁ ክረምቱን አገር ቤት የምትሄዱ፣ ግማሽ ቀን ቆርጣችሁ ሐርላን እዩ። ለማዕከሉ የምትከፍሉት ጥቂት ብር ዶቃውን ከሚገዛው ሰው ገንዘብ የተሻለ ሥራ ይሠራል። ልጆቹም አባትና እናታቸው የሚመላለሱበት መንገድ ትናንት የተጀመረ እንዳልሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመሬቱ ይማራሉ።